ጥቁር ዳቦ ናፈቀኝ ብላት እናቴ ተቀየመች

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ፤ ለመጻፍ ግን የደፈርኩት ዛሬ ነው።

አዲስ አበባ ተወልጄ በአምስት ዓመቴ ከእናቴ ጋር ጀርመን ገባሁ። ያደግኩት ፍራንክፈርት ነው። አሁን 29 ዓመቴ ነው። ከዓመት ተኩል በፊት ለሥራ ወደ ጃፓን መጥቼ ሂሜጂ በምትባል ከተማ ብቻዬን እኖራለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ከተማዋም ንጹሕና ጸጥ ያለች ናት።

ችግሬን ስናገረው ያሳፍረኛል። የጀርመን ምግብ ናፈቀኝ። በተለይ ጥቁሩ ዳቦ፣ ጎምዘዝ የሚለው፣ ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሸው። እዚህ ያለው ዳቦ ነጭ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ጫን ሲሉት እንደ ትራስ ይሰምጣል። እኛ ቤት አሳማ ስለማይበላ ልጅ ሆኜ የምበላው የፍራንክፈርትን የበሬ ቋሊማ ነበር። እዚህ የማየው ቋሊማ ሁሉ አሳማ አለበት። አንድ ቀን ሰፈራችን ያለችው ኮንቢኒ፣ ማለትም ሌሊትም የማትዘጋው ሱቅ ገብቼ «ፍራንክፉርቶ» የሚል ጽሑፍ አየሁና ደስ አለኝ። ቀርቤ ሳየው እንጨት ላይ የተሰካ የአሳማ ቋሊማ ነው። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ የሚወጣልኝ ወይ ቶኪዮ ያለ ነው፣ ወይ ቢራ ቤት ነው። ኮቤ ቅርብ ናት ይሉኛል፤ ለስብሰባ ሄጄ ከመመለስ ውጪ አላውቃትም።

ሌላም አለ። ፍራንክፈርት ጎረቤታችን የነበሩት ጀርመናዊት አሮጊት በጸደይ ወራት በሰባት ቅጠል የሚሠራውን አረንጓዴ ስጎ ያዘጋጁ ነበር። እኛ ሁዳዴ ስለምንጾም እናቴ «ከፋሲካ በኋላ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ሳይረሱ ከፋሲካችን በኋላ ለኔ ብለው እንደገና ይሠሩልኝ ነበር። አሁን በሕይወት የሉም።

አንዷ ባልደረባዬ ጀርመን ማደጌን ስትሰማ ባውምኩኸን የሚባል ኬክ ገዝታ አመጣችልኝ። እኛ ቤት ያንን ኬክ አንድም ቀን ገዝተን አናውቅም። አመስግኜ ተቀበልኩ እንጂ አልቀመስኩትም። ሌሎቹ ደግሞ «የአገርሽ ምግብ ምንድነው?» ይሉኛል። ዳቦና ድንች ስላቸው «አይ፣ የእውነተኛው አገርሽ» ይላሉ።

ከሁሉ የባሰው የእናቴ ነው። ባለፈው ደውላ «እንጀራ ናፍቆሽ ይሆናል፣ ምን ልላክልሽ?» አለችኝ። «እማዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የናፈቀኝ ጥቁር ዳቦና ቋሊማ ነው» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «እንዲህ ሆንሽልኝ?» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እናቴ ፍራንክፈርት ሆና እስከዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ትጋግራለች። አሁንም ትደውላለች፤ ስለ ምግብ ግን አታነሳም።

የሥራ ውሌ ማርች መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ ይታደስ ወይ ብለው እየጠየቁኝ ነው። እሁድ ማታ ማታ ብቻዬን ስቀመጥ «በቃ ልመለስ» እላለሁ። ለዳቦ ብሎ ሥራ የሚተው ሰው አለ? ምን ይመክሩኛል?

ከሂሜጂ፣ ጃፓን

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ምንም የሚያሳፍር ነገር አልነገርሽኝም። ሰው አገር ሲቀይር ቋንቋውንም፣ ሥራውንም፣ መንገዱንም ቀስ እያለ ይለምዳል። አፉ ግን ቶሎ አይለምድም። አንቺ ደግሞ ይሄ ሲደርስብሽ ሁለተኛሽ ነው። የመጀመሪያው በአምስት ዓመትሽ ነበር፤ ያኔ ግን እናትሽ አብራሽ ነበረች።

ደብዳቤሽ ውስጥ ዳቦው፣ እናትሽና ውሉ ተቆላልፈዋል። ከዳቦው ልጀምር። እሱ በዚሁ ሳምንት መፍትሔ አለው።

ኮቤን አታውቂያትም ማለት ነው። ከሂሜጂ ሺንካይሶኩ በሚሉት ፈጣን ባቡር ኮቤ መሀል ያለው ሳንኖሚያ ጣቢያ ለመድረስ 40 ደቂቃ ያህል ነው። ከጣቢያው ወደ ሺን-ኮቤ አቅጣጫ ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ብትሄጂ ፍሮይንድሊብ የሚባል ዳቦ ቤት ታገኛለሽ። ሕንፃው ድሮ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ዳቦ ቤቱ ወደዚያ የገባው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ነው። ታች ዳቦውና ብስኩቱ ይሸጣል። ላይ፣ ምእመናን ይቀመጡበት በነበረው አዳራሽ፣ ካፌ አለ። የጀርመን ዓይነት ጠንካራ ዳቦ የሚጋግሩ ሰዎች ናቸው። የሚዘጉበትን ቀን አጣርተሽ ሂጂ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዳቦው ሊያልቅ ስለሚችል ጠዋት ይሻላል።

ስትገዢ አንዷን ለዛሬ ብለሽ ብቻ አትግዢ። ትልቁን ውሰጂ። ቤትሽ ስትደርሺ ቆራርጪው፤ ሁለት ሁለት ቁራጭ አድርገሽ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው። ጥቁሩ ዳቦ የሚሠራው ራይ ከሚባል እህል ነው፤ የራይ ዳቦን በረዶ አይጎዳውም። ማታ ስትመለሺ እንደቀዘቀዘ ቶስተር ላይ ብታደርጊው ቅርፊቱ ይመለሳል። በወር አንድ ጊዜ ኮቤ ብትሄጂ ወሩን ሙሉ ዳቦ አለሽ ማለት ነው።

ስለዚህ ዳቦ ቤት ትንሽ ማውራት አለብኝ። ታሪኩ ያንቺን ስለሚመስል ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ፣ በ1914፣ ጃፓን ቻይና ውስጥ ጀርመን የያዘቻትን ቺንግታዎን ወሰደች። ከ4 ሺህ በላይ ጀርመኖችና ኦስትሪያውያን ተማርከው ወደ ጃፓን ተጋዙ። ከመካከላቸው ሃይንሪሽ ፍሮይንድሊብ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ሲፈታ አገሩ አልተመለሰም። በ1920 ናጎያ ላይ ሺኪሺማ የሚባል የዳቦ ፋብሪካ ሲቋቋም መጀመሪያ ያስጋገረው እሱ ነው። ከዚያ በ1924 ኮቤ ላይ የራሱን ዳቦ ቤት ከፈተ። ሺኪሺማ ዛሬ ፓስኮ የሚለውን ስም ለጥፎ በየሱፐርማርኬቱ ዳቦ የሚሸጠው ኩባንያ ነው። ያ የሚሰምጠው ነጭ ዳቦ ጀርባው ቢመረመር ካንቺ አገር የሄደ ሰው እጅ አለበት።

ባልደረባሽ ያመጣችልሽ ኬክም እንዲሁ ነው። ካርል ዩክሃይም ቺንግታዎ ላይ ኬክ ቤት የነበረው ሰው ነው። እሱም ምርኮኛ ሆኖ ሂሮሺማ አጠገብ ባለች ደሴት ታሰረ። በማርች 1919 ምርኮኞቹ የእጅ ሥራቸውን ሂሮሺማ ከተማ ውስጥ ባለ የኤግዚቢሽን አዳራሽ እንዲያሳዩ ሲፈቀድላቸው፣ ይህ ሰው በእንጨት እሳት ላይ ባውምኩኸን ጠበሰ። ያ አዳራሽ ኋላ አቶሚክ ቦምቡ ያፈረሰው፣ ዛሬ ፍርስራሹ ለመታሰቢያ የቆመው ሕንፃ ነው። ከእስር ወጥቶ በ1922 ዮኮሃማ ላይ ሱቅ ከፈተ። በዓመቱ የ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ አወደመበት። ኮቤ መጥቶ እንደገና ጀመረ። ዛሬ ጃፓኖች ባውምኩኸንን ለሠርግ ይሰጣጣሉ፤ እንደ ዛፍ ግንድ ክብ ክብ የተደራረበው ቅርጹ የረጅም ዕድሜ ምኞት ነው ይላሉ።

ስለዚህ ያቺ ልጅ ዝም ብላ የማታውቀውን ነገር አላመጣችልሽም። ጃፓን ስለ ጀርመን ከምታውቀው ሁሉ የከበረውን መርጣ ነው ያመጣችልሽ። አንቺ እንደማትበይው ማወቅ አትችልም። በሥራ ቦታሽ የልብሽን ለመገመት የሞከረች ሰው እሷ ብቻ ናት። ወደ ኮቤ ስትሄጂ ብቻሽን አትሂጂ፤ እሷን ጥሪያት። «እኛ ቤት የምንበላው ዳቦ ይሄ ነው» ብለሽ አሳያት። የሚቀጥለውን ጊዜ እሷ ራሷ «እንሂድ» የምትል ይመስለኛል።

አሁን ቋሊማው። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ከባድ ነው። አንቺ የለመድሽው የፍራንክፈርት የበሬ ቋሊማ ከ1894 ጀምሮ የሚሠራ የዚያው ከተማ ምግብ ነው። ጃፓን ውስጥ እሱን ፍለጋ አትድከሚ። እዚህ «ፍራንክፉርት» የሚለው ስም የውፍረት መጠሪያ ሆኗል፤ የከተማዋን ምግብ አይደለም የሚያመለክተው። ከአሳማ ነጻ የሆነ ቋሊማ ማግኘት የምትችይባቸው ቦታዎች ግን አሉ። ኮቤ በ1935 የተሠራ፣ የጃፓን የመጀመሪያው መስጊድ አላት። በዚያ አካባቢና በኢንተርኔት የሚሸጡ የሐላል ሱቆች የበሬና የዶሮ ቋሊማ ያመጣሉ። እሱን መብላት አለመብላት የቤታችሁ ልማድ ነው፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ካልሆነ ደግሞ ኮቤና አጠገቧ ባለችው አሺያ ውስጥ የጀርመንን አሠራር የሚከተሉ ቋሊማ ሠሪዎች አሉ። ወደ አንዱ ገብተሽ «ያለ አሳማ የበሬ ብቻ ልትሠሩልኝ ትችላላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ለአንድ ኪሎ እሺ ላይሉሽ ይችላሉ። ለአምስት ኪሎ ግን ሊያስቡበት ይችላሉ፤ እሱም ፍሪዘር ይገባል።

አንድ ነገር አደራ። እናትሽም ሆነች ጓደኞችሽ ቋሊማ በፖስታ እንዳይልኩልሽ። ስትመለሺም ሻንጣሽ ውስጥ እንዳትከቺ። ጃፓን የላኪው አገር መንግሥት የሰጠው የጤና ምስክር ወረቀት የሌለው የሥጋ ውጤት አታስገባም። የታሸገ ነው፣ የተቀቀለ ነው፣ ለራሴ ነው ማለት አያዋጣም። ይወረሳል፤ ሕጉ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 3 ሚሊዮን የን ቅጣት ያስቀምጣል። አንቺ የሥራ ቪዛ ያለሽ ሰው ነሽ። ለቋሊማ ብለሽ እዚያ ውስጥ አትግቢ።

ሰናፍጩ፣ የኮመጠጠው ጥቅል ጎመን፣ የዱባ ፍሬ ያለበት ብስኩት፣ በፕላስቲክ የታሸገ ስስ ጥቁር ዳቦ፣ እነዚህ ቀላል ናቸው። ሴይጆ ኢሺና ካልዲ የሚባሉት ሱቆች ውስጥ ፈልጊ። ካልዲን መቼም ስሙን ስታይ ሳትገረሚ አልቀረሽም፤ ጃፓኖቹ ስሙን የወሰዱት ከኛው ከፍየል እረኛው፣ ከቡናው ታሪክ ነው። ኮቤ ከሄድሽ ደግሞ ፖርት አይላንድ ላይ ያለው አይኪያ የሚባለው የቤት ዕቃ መደብር የስዊድን ይሁን እንጂ ሰናፍጩም፣ ኮምጣጤ የገባበት ዓሣውም፣ የራይ ደረቅ ቂጣውም ላንቺ ሩቅ አይደለም።

ድንች ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። ጃፓን ውስጥ በብዛት የሚሸጡት ሁለት ዓይነት ናቸው። ዳንሻኩ የሚባለው ክቡ ሲቀቀል ይፈርሳል፤ ለተፈጨ ድንች ነው። ሜይ ኩዊን የሚባለው ረዘም ያለው ግን ሲቀቀል ቅርጹን ይይዛል። የጀርመን የድንች ሰላጣ አልሆን ካለሽ ምናልባት የያዝሽው ዳንሻኩ ሊሆን ይችላል። ማዮኔዙን ተዪው። ድንቹ ገና ትኩስ ሳለ ሞቅ ያለ የሥጋ መረቅና ኮምጣጤ አፍስሺበት፤ ሰናፍጭ ጨምሪና ግማሽ ሰዓት ተዪው።

የጎረቤታችሁን አረንጓዴ ስጎ ያነሳሽበትን ቦታ ሳነብ ልቤ ተነካ። በሃይማኖቷ የማትጋራችሁ ሴት፣ የናንተን ፋሲካ ቆጥራ፣ ለአንዲት ልጅ ብላ እንደገና ቅጠል የምትከትፍ። እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አይገኝም። አንቺ ያ ስጎ ናፈቀኝ ስትይ የናፈቀችሽ እሷም ናት። ስላለፈችው ሴት አልቅሰሽላታል? ወይስ በሥራና በጉዞ መሀል ዝም ብሎ አለፈ? እዚህ ላይ ትንሽ ቁሚ።

ስጎውን መሥራት ይቻላል። ሰባቱን ቅጠል ሁሉ አታገኚም። ፐርሰሜሎ በየሱቁ አለ። ቀጫጭኑ የሽንኩርት ቅጠል አለ። ኩሬሶን የሚሉት ቅጠል አለ። ሴርፊዩ የሚሉት በትልልቅ የገበያ አዳራሾች ምድር ቤት ይገኛል። ጎምዛዛው ቅጠል፣ ያ ስጎውን ስጎ የሚያደርገው፣ በጃፓንኛ ሱይባ ይባላል፤ በጸደይ በየሜዳው የሚበቅል ተክል ነው። ተክል ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ ግን ከሜዳ አትልቀሚ። ካላገኘሽው ሎሚ ይተካዋል። የቀሩትን ሁለቱን ተያቸው፤ አምስት ቅጠልም ያስደስታል። እርጎውን በቡና ማጥለያ ወረቀት አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ ሲንጠባጠብ አሳድሪው። ጠዋት ክቫርክ የሚባለውን የጀርመን ለስላሳ አይብ የሚመስል ወፍራም ነገር ታገኛለሽ። ቅጠሉን አድቅቀሽ ክተፊ፣ ከእርጎው ጋር ለውሺ፣ ጨውና ሰናፍጭ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሜይ ኩዊን ድንች። በቃ። በጸደይ፣ ፋሲካችን ካለፈ በኋላ ሥሪው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ።

«እንዲህ ሆንሽልኝ?» ያለችው ስለ ዳቦ አይመስለኝም። እናትሽ የአምስት ዓመት ልጅ ይዛ ሰው አገር የገባች ሴት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትጋግረው እንጀራ ልጇ እንዳትጠፋባት የያዘችበት ገመድ ነው። አንቺ ደግሞ ጃፓን ሆነሽ፣ ከሁለቱም አገር ርቀሽ፣ «የናፈቀኝ የነሱ ነው» አልሻት። የሰማችው «ገመዱ ተበጥሷል» የሚል ነው። እንዲህ ተሰምቷት ስታበቃ እየደወለች ነው። መደወሏን አላቋረጠችም። ይሄን ልብ በይ።

አንቺም ያጠፋሽው የለም። እውነቱን ነው የነገርሻት። ዋሽተሽ «አዎ እማዬ፣ እንጀራ ናፈቀኝ» ብትያት ኖሮ እሷም ደስ ብሏት ሃያ እንጀራ ትልክልሽ ነበር፤ አንቺም በሆድሽ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ለአፍሽ ጣዕም ይቅርታ አትጠይቂ። ለጎዳት ነገር ግን «እማዬ፣ እንደዚያ ስልሽ እንደከፋሽ አውቄያለሁ፤ አንቺን መግፋቴ አልነበረም» ማለት ትችያለሽ። አጭር ይሁን። ማስረዳት አታብዢ፤ እናት ማብራሪያ ሲበዛባት ክርክር ይመስላታል።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ጠይቂያት። «እማዬ፣ እርሾሽን እንዴት ነው ይህን ሁሉ ዓመት ያቆየሽው?»

ይሄን የምልሽ ለማባበያ አይደለም። በእርግጥ ያስፈልግሻል። ጥቁር ዳቦ በፋብሪካ እርሾ አይሆንም። የራይ ዱቄት ካልኮመጠጠ ሲጋገር ውስጡ ሙጫ ይሆናል፤ እንዲረጋ የሚያደርገው አሲዱ ነው። ያንን አሲድ የሚሠሩት እናትሽ ቡሆ ውስጥ ያሉት ዓይነት ተሕዋስያን ናቸው። አፍሽ የሚፈልገው ያ ጎምዛዛነት ከእንጀራ የራቀ አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ ጥቁሩን ዳቦ ልጅ ሆነሽ ቶሎ የወደድሽው ቤትሽ ያለው ጎምዛዛ ስላስለመደሽ ነው። እናትሽ ይሄን ብትሰማ ደስ ይላታል፤ ግን አንቺ አትንገሪያት። ስለ እርሾው ስታወሩ ራሷ ትደርስበታለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የራይ ዱቄት ጃፓን ውስጥ ራይሙጊኮ ይባላል። ቶሚዛዋ የሚባለው የዳቦና የኬክ ዕቃ ሱቅ ይሸጠዋል፤ በኢንተርኔትም ያደርሳል። 50 ግራም ዱቄትና 50 ግራም ለብ ያለ ውኃ በጠርሙስ ለውሺ። በየቀኑ ግማሹን ጥለሽ ያንኑ ያህል ዱቄትና ውኃ ጨምሪበት። በአምስት ስድስት ቀን ኩፍ ማለትና ጥሩ ጎምዛዛ ሽታ መስጠት ይጀምራል። የጃፓን ቤት በክረምት እንደሚቀዘቅዝ ታውቂያለሽ። ኮታትሱ ካለሽ፣ ያ ብርድ ልብስ የሚለብሰው ማሞቂያ ጠረጴዛ፣ ጠርሙሱን ከሥሩ ጥግ አስቀምጪው። ከሌለሽ ፍሪጅ አናት ላይ ይሁን። ሲዘገይብሽ፣ ሽታው ሲቀየርብሽ፣ ውኃ ሲያቀር ለእናትሽ ደውይ። ቪዲዮ አብርተሽ አሳያት። እጇን ወደ ስክሪኑ ዘርግታ «በጣም ቀጥኗል፣ ዱቄት ጨምሪበት» ስትልሽ ይታየኛል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ራይ፣ ግማሽ የስንዴ ዱቄት አድርጊ። ሊጡ እጅ ላይ ይለጥፋል፤ እንደ ድፎ አይታሽም። እጅሽን ውኃ እያስነካሽ ረዘም ባለ የኬክ መጋገሪያ ውስጥ ጨምሪው። ቤትሽ ያለው ማይክሮዌቭም ኦቨንም የሆነው ዕቃ ከሆነ፣ የመጨረሻውን ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይዞ ራሱ ይቀንሳል፤ አይረብሽሽም። ደህና አሙቂው፣ ከዚያ 200 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ይጋገር። ሲወጣ አትቁረጪው! እስከ ነገ ጠብቂ። የራይ ዳቦ ውስጡ የሚረጋው ሲያድር ነው።

የመጀመሪያው ላያምር ይችላል። ጋግሪው፣ ፎቶውን ላኪላት።

«የእውነተኛው አገርሽ ምግብ» ለሚሉሽ ሰዎች ብዙ ጉልበት አታውጪ። አብዛኞቹ ለክፋት አይደለም። ደክሞሽ ከሆነ «ሁለት አገር አለኝ፤ አንዱ እንጀራ፣ አንዱ ዳቦ ይበላል» ብለሽ እለፊ። ማብራራት ያንቺ ግዴታ አይደለም።

የቀረው ውሉ ነው። ለዳቦ ብሎ ሥራ የሚተው ሰው አለ ወይ ብለሽኛል። እኔ ደግሞ ልጠይቅሽ። ዛሬ ማታ ጠረጴዛሽ ላይ የምትፈልጊው ሁሉ ቢቀርብ፣ ዳቦው፣ አይቡ፣ ቋሊማው፣ ሁሉም ቢኖር፣ አሁንም «ልመለስ» ትያለሽ? እሁድ ማታ የምትይው ነገር ትኩረቴን ስቦታል። ጀርመን ቤት ማታ እሳት አይነድም፤ ዳቦ፣ አይብ፣ ኮምጣጤ የገባበት ኪያር ጠረጴዛ ላይ ተደርጎ ሁሉም ከዚያው እያነሳ ያወራል። አቤንድብሮት ይሉታል። እሱን ብቻሽን ቆመሽ ከፍሪጅ ብትበይው ዳቦው ትክክለኛም ቢሆን አያጠግብሽም። የጎደለሽ ሰው ከሆነ ሰው ፈልጊ። ዳቦው ሲገኝ ባልደረባሽን አንድ እሁድ ማታ ቤትሽ ጥሪያት። ኮቤ ውስጥ ከ1909 ጀምሮ የጀርመን ትምህርት ቤት አለ፤ ኦሳካ የጀርመን ቆንስላ አለ፤ ኪዮቶ ላይ ጎተ ኢንስቲትዩት የሚባለው የጀርመን የባህል ተቋም አለ። በእነዚህ ዙሪያ ጀርመንኛ የሚያወራ፣ እንዳንቺ ዳቦ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። ሐበሾቹ በብዛት ያሉት ቶኪዮ ካትሱሺካ ነው፤ ላንቺ ሩቅ ነው፣ ግን ለገና ወይም ለፋሲካ አንድ ጊዜ ብትሄጂ አትጸጸቺም።

ይሄን ሁሉ አድርገሽም ልብሽ ፍራንክፈርት ከሆነ ተመለሺ። የእናትሽ ዕድሜ፣ የራስሽ ሕይወት፣ የምትፈልጊው ጎጆ፣ እነዚህ ሁሉ በቂ ምክንያት ናቸው፤ «ለዳቦ ነው» ብለሽ ራስሽን አታሳንሺ። እኔ ግን እሁድ ማታ፣ ብቻሽን፣ ሆድሽ ባዶ ሆኖ እንድትወስኚ አልፈልግም። ሰኞ የሰው ኃይል ክፍሉን የመጨረሻው መልስ የሚሰጥበትን ቀን በጽሑፍ ጠይቂያቸው። ከዚያ ቀን በፊት ያሉትን ሳምንታት ቁጠሪ። በመሀሉ ኮቤ ሄደሽ ተመለሺ፣ እርሾውን ጀምሪ፣ ሰው ጥሪ። ውሉን የሚያድሱት ለስንት ጊዜ እንደሆነም አብረሽ ጠይቂ፤ ዓመቱን ሙሉ ከመፈረም ለስድስት ወር ማራዘም ይቻል እንደሆነ ማወቁ አይጎዳሽም።